ቁጠባ ለቮልስ፣ ነዳጅ ለቪኤይት!

በዚህ አገር መኪና ያለው ሁሉ ሀብታም ነው የሚል እምነት አለ። እምነቱ የሰፈር ሰው ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ጎረቤት ሠርግ ሲኖረው «አንተ ባለመኪናው!» ብሎ የቢራ ሣጥን ያስጭነኛል፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ያስጭነኛል፤ እሰየው፣ ወግ ነው። ችግሩ ይኸው እምነት አራት ኪሎ ድረስ ዘልቆ ፖሊሲ መሆኑ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ የነዳጅ ድጎማ «ሪፎርም» የሚሉት ነገር ሲጀመር የሕዝብ ማመላለሻው በቴሌብር በኩል ድጎማ እንዲያገኝ ተደረገ። መልካም! ታክሲ ተሰልፎ የሚሳፈር ሰው መደገፍ አለበት፤ በዚህ የሚከራከር ካለ ልቡን ይመርመር። የግል መኪና ያለው ግን በአንድ ጆንያ ተጠቅልሎ ተጣለ። ባለ ቪኤይቱም፣ ባለ ሦስት ፎቁም፣ ከአባቱ በወረሳት ቮልስ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው የኔ ቢጤም (ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱልኝ) እኩል «ሀብታም» ተባልን።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ያን ጊዜ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ጩኸታችን ሰማይ ደረሰ። ምን ያህል የዋሆች ነበርን! በ2017 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ሆነ። እዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲያልቅ 101 ብር ከ47 ሳንቲም! ከዚያ ወዲህም ዋጋው ወደ ላይ ማየቱን አልተወም። የቮልስ ታንከር 40 ሊትር ይይዛል። በ2014ቱ ዋጋ ሙሉ ለማስሞላት 1,913 ብር ይበቃ ነበር፣ በ2017ቱ የታኅሣሥ ዋጋ 4,058 ብር። ቤቱ ኮተቤ፣ ሥራው ሳሪስ የሆነ ሰው ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል እንበል። መኪናው በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድለት (ይህም ጤነኛ ስትሆን ነው) በወር በ26 የሥራ ቀን 78 ሊትር ይፈልጋል። በዚያው የታኅሣሥ ዋጋ 7,914 ብር መሆኑ ነው። በመስከረም 2018 ከጭማሪው በኋላ የዲግሪ ምሩቅ ጀማሪ ደመወዝ 11,500 ብር ተብሏል፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥበት። የቀረውን እናንተው አስሉት፤ እኔ ሒሳቡን ስጨርስ ራሴን አመመኝ።

ዓለም አቀፍ ዋጋ ነው ይሉናል። ውሸት አይደለም። ነዳጃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ ነው የሚመጣው። በ2014 ዓ.ም ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ የበርሜል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ቀጥሎ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር «በገበያ ይወሰን» ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር አለፈ። ታዲያ የመጀመሪያው የእግዜር ነው ብንል እንኳ የሁለተኛው ፊርማ የማን ነው?

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ አንድ የማይወራለት ወገን ለመናገር ነው። መኪና ስለሚወዱ ሰዎች። ስለሚያሳዩባት አይደለም የምለው፤ ስለሚወዷት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈን ከፍቶ፣ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ካንዴላ በጥርስ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው። አዲስ አበባ የእነዚህ ሰዎች ከተማ ናት። ሌላው ዓለም በሙዚየም ያስቀመጣትን ቮልስ እኛ ገበያ እንሄድባታለን። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ላዳ ስንት ትውልድ አመላለሰች! ዲኤክሱስ? ሞተሩ ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ዛሬም «ቶዮታ እኮ ነው!» ይባልለታል። ይህ ሁሉ የሆነው ለፉከራ አይደለም። አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ያለውን በፍቅር ይዞ ስለኖረ ነው። ቁጠባ ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድነው?

ቮልስን ለማያውቅ ወጣት ትንሽ ላጫውት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ታንከሯ ከፊት። ከ1960 ዓ.ም በፊት በተሠሩት ላይ ቤንዚን የሚቀዳው የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ነው። የዛሬ ልጆች የሆኑት ነዳጅ ቀጂዎች ኮፈኑን ስከፍት «ጋሼ፣ ሞተሩን ምን አደረጉት? ሸጡት እንዴ?» ይሉኛል። «አልሸጥኩትም የኔ ልጅ፣ ከኋላ ደብቄው ነው» እላለሁ። ከዚያም የባሱት የጥንቶቹ የነዳጅ መለኪያ እንኳ የላቸውም። ቤንዚን አልቆ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በእግር የምትገፋ አንዲት መክፈቻ አለች፤ ስትገፋ 5 ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ይለቀቃል። እንግዲህ ባለቮልስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ ስንት ሊትር እንደቀረው በጭንቅላቱ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው። የነዳጅ ቁጠባ ሴሚናር ማን ለማን መስጠት ነበረበት?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። እንደ ቮልስ፣ እንደ ላዳ፣ እንደ አሮጌው ኮሮላ ያሉ በካርቡሬተር የሚሠሩ መኪኖች ይህን አያውቁም። ካርቡሬተሩ በተሠራበት በቆላው አገር ሒሳብ ቤንዚኑን ያፈሳል፤ የሚቀላቀለው አየር ግን ስስ ነው። ውጤቱ? ቤንዚን በዝቶ አየር ያንሳል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ዳገት ላይ መኪናዋ ታቃስታለች። ባለቤቱ ጉልበት ያነሳት መስሎት የበለጠ ይረግጣል፤ በረገጠ ቁጥር ገንዘቡ በጭስ መልክ ይሄዳል። ቪትስና ያሪስን የመሳሰሉት ግን ኮምፒዩተራቸው አየሩን እየለካ ራሱ ያስተካክላል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ብሎን በጠበበች መቀየር፣ የካንዴላውን እሳት ሰዓት ትንሽ ማስቀደም፣ ፊልትሮ ማጽዳት፣ የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት መለካት። እኔ ይህንን ካስደረግሁ በኋላ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች ቮልሴ 10 ገባች። ከአምስት ሊትር አንዱን ከጭስ አተረፍኩ ማለት ነው። አሁን ይህንን በከተማው ውስጥ ባለው አሮጌ መኪና ሁሉ አባዙት። ስንት ዶላር ነው? ግን ማን ነግሮን? ለዓመታዊ ቦሎ መኪናዬን ይዤ በሄድኩበት አንድ የምርመራ ቦታ መብራቴን አብርተው አጠፉ፣ ጥሩምባዬን አስነፉ፣ ገንዘቤን ተቀበሉ፣ ደህና ሁን አሉኝ። ጭሱን አፍንጫውን ይዞ የሸሸው ተሰልፎ የነበረው ሰው እንጂ መርማሪው አይደለም። እዚያች ቦታ ላይ አንድ የጭስ መለኪያና አንድ ካርቡሬተር የሚያውቅ መካኒክ ቢቀመጥ ስንት ስብሰባ ይተካ ነበር!

ሌላው የታወቀ ነው፤ ጎማ በልኩ መንፋት፣ ጭነት የሌለበትን ፖርቶመጋላ ከጣራ ማውረድ፣ ቀይ መብራት እያዩ ነዳጅ አለመርገጥ። ይህን የሚስቴ ታናሽ ወንድም እንኳ ያውቃል፣ እሱ ደግሞ መኪና የለውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከወዳጆቼ ጋር እጣላለሁ። ቁልቁለት ላይ ፎሌ የሚለቁት፣ ከዚያም አልፈው ሞተር የሚያጠፉት! ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ሳይቀር። «አንድ ሊትር ተረፈች» ብለው ይፎክራሉ። ወንድሞቼ፣ ማርሽ ያልያዘ መኪና የሚቆመው በፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ በረዥም ቁልቁለት ይግልና ይከዳል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥም ይጠፋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ከነቀላችሁት ደግሞ መሪው ይቆለፋል። የሚያሳዝነው ነገር ቁጠባም አለመሆኑ ነው! በኮምፒዩተር የሚታዘዙት መኪኖች በማርሽ ሆነው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ እግር ከነዳጅ ከተነሣ፣ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጉታል። ፎሌ ሲገቡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ብሎ ገደል የሚገባ ሰው ካለ ወቀሳው ለእሱ ብቻ አይደለም። ሰውን እዚህ ያደረሰው ምንድነው ብሎ የሚጠይቅም መኖር አለበት።

ሰልፉን ደግሞ አንርሳ። የዋጋ ማስተካከያ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ በተነፈሰ ማግስት የማደያው አስተናጋጅ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ያውቃል፤ «አልቋል»። በሚቀጥለው ቀን አዲሱ ዋጋ ሲነገር ያለቀው ቤንዚን በተአምር ይገኛል! የቃና ዘገሊላውም ተአምር እንዲህ ፈጣን አልነበረም። በመካከሉ እኛ ሌሊት ተሰልፈን እናድራለን። አሁን ቮልስ የሚከበርበት ሰዓት ይመጣል፤ ሰልፉ አንድ ሜትር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ባለ ዘመናዊው መኪና ሞተር ያስነሣል፣ ያጠፋል፣ ያስነሣል። እኛ ቀላል ነን፣ ሁለት ሆነን እንገፋታለን። ቤንዚን ለመቅዳት ቤንዚን አንጨርስም። አጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ በስልክ ብቻ ይከፈል ሲባል ሕገ ወጡ ገበያ ሊደርቅ ነው ተብሎልን ነበር። ታዲያ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቢጫ ነገር ምንድነው? ጠላ ነው? እሱን ገዝቶ የቀዳ ሰው ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሞተሩ ሲንኳኳ ያደረበት ብዙ ነው። የሚገርመው ግን የሃይላንዱ ዋጋ እጥፍ እየሆነ ገዢ አለማጣቱ ነው። ሰው ቸግሮት እንጂ ጠግቦ አይደለም፤ ነገ ጠዋት ሥራ መግባት አለበት።

ታሪክ የሚያውቅ ሰው በቤንዚን አይጫወትም። በ1966 ዓ.ም የዐረብ አገሮች ዘይት ከለከሉ፣ የዓለም ዋጋ አራት እጥፍ ወጣ፣ እዚህም ቤንዚን 50 በመቶ ገደማ ጨመረ። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ መምህራኑም ተማሪውም አብረው ነበሩ። ጃንሆይ በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ዝቅ አደረጉ፣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ደርግ ደግሞ በኩፖን አደለን። ኩፖኑ ለምኑም አይበቃ፤ ያኔ የተማርነው ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አንድ ጉዞ ላይ አራት ጉዳይ ማጣመር፣ ጎረቤት ጭኖ ወጪ መካፈል፣ እሁድ መኪና አቁሞ በእግር ቤተ ክርስቲያን መሳም። ሳስበው የዛሬው ዘመን ከኩፖኑ የሚለየው ኩፖኑ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው።

እሺ፣ ኤሌክትሪክስ? ትሉኛላችሁ። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከእንግዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም አለ። ሐሳቡን አልጠላም። እንደውም እደግፋለሁ! መብራታችን ከውኃ ነው የሚመነጨው፣ የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ የራሳችን ውኃ እያለ በዶላር ጭስ መግዛት ምን ይሉታል? የቮልስ ኩባንያ ራሱ አይዲ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ፣ እሷም በቻይና በኩል ዞራ ቦሌ መንገድ ሞልታለች። አንዷን ቀርቤ አየኋት፤ አይዲ 4 የምትባለው ሞተሯ እንደ አያቷ ከኋላ ነው። ልቤ ደስ አለው፤ ዘር ከልጓም ይስባል።

ዋጋዋን ጠየቅሁ። ደስታዬ አለቀ። ሚሊዮን እየቆጠሩ ነው የሚሸጧት። በ2012 ዓ.ም በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ሲጣል «አሮጌ አትግዙ፣ አዲስ ግዙ» ተባልን። በ2016 «አዲስም ቢሆን ቤንዚን ከሆነ አትግዙ» ተባልን። መሐል ላይ ያለው ሰው ምን ይግዛ? ገዛ እንበል፣ የት ይሰካት? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከመስኮቱ ገመድ አውርዶ ግቢ ውስጥ ቻርጅ ያድርግ? መብራት በጠፋ ሌሊትስ? ክፍለ ሀገር ለመሄድስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ በሩ ስለተዘጋ የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ያሉት አሮጌ መኪኖች ተወደዱ፤ ማንም አይጥላቸውም። እኔ በሕይወት እያለሁ የሚነዱ ናቸው፣ ከእኔም በኋላ ልጄ ይነዳቸዋል። እንግዲህ መንገድ ላይ መቆየታቸው ካልቀረ፣ አሁን ያሉት መኪኖች በሊትር ስንት ይሄዳሉ የሚለው ነገር የአገር ጉዳይ ነው ማለት ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ የካርቡሬተር ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ይቅለል ብንል ቅንጦት ጠየቃችሁ እንባላለን?

ቅንጦት ካላችሁ ወደ እናንተው ግቢ ልውሰዳችሁ። ባለሥልጣን የሚሳፈርበት ላንድክሩዘር ቪኤይት ሞተሩ ከ4,000 ሲሲ በላይ ነው። የኔዋ 1,200 ሲሲ ናት። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ሲካሄድ ውጭ ረድፍ ይዘው የቆሙትን አላያችሁም? ሾፌሩ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ ሞተር ሳያጠፋ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይተኛል። ሾፌሩን አልወቅስም፤ ቤንዚኑን ወይ ናፍጣውን እሱ አይከፍልም። አለቃውም አይከፍልም። የሚከፍለው ከኮተቤ ሳሪስ የሚነዳው ነው። ሚኒስትሩን በቮልስ ይሂዱ አልልም፤ አንገታቸው ያማቸዋል። ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በዓመት ስንት ሊትር እንደቀዳ፣ በስንት መኪና፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነዳበት በጋዜጣ ያውጣልን። እኛ በየወሩ በደብተር እንጽፋለን እኮ! የቮልሴ ደብተር ጓንት ሳጥን ውስጥ አለ፣ የፈለገ ኦዲተር መጥቶ ያገላብጠው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደጃፌ መጥቶ ለቮልሴ ድሮ ለአዲስ መኪና እንኳ የማይጠራ ገንዘብ ጠራ። ገዢው ሆቴል ውስጥ ለጌጥ ሊያቆማት ነው አለኝ፤ ቤንዚንም አትጠይቅ፣ አርፋ ትቀመጣለች አለኝ። «ሰኞ ልጆቹን ማን ያደርስልኛል?» ብዬ ሸኘሁት። ታንከሯ ውስጥ 11 ሊትር አለ፤ እስከ ዓርብ ያደርሰናል።